ከማክስዌል እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ሳይንስ ያለበት ግጥም እንዴት ይጻፋል

በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይና በሚኒ ሚዲያ የሚነበቡ የሳይንስ ግጥሞች አብዛኞቹ ሳይንስ የላቸውም። «ሳይንስ ብርሃን ነው፣ የዕድገት መሠረት ነው» ብለው አመስግነው ያበቃሉ። የሰማቸው ተማሪ ውሃ ለምን እንደሚፈላ፣ ውርጭ ከየት እንደሚመጣ፣ ትንኝ ለምን እንደምትናደፍ ሳያውቅ ወደ ክፍሉ ይገባል። በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901፣ ግጥም የጻፉ ሳይንቲስቶች መንገዳቸው ሌላ ነበር። ሳይንስን ከማወደስ ይልቅ የነገሩን አሠራር ራሱን ግጥሙ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ይዞ በአማርኛ ምት፣ በሰሜን ሸዋ ጉዳይ ላይ መጻፍ ለሚፈልጉ የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ክበባትና መምህሮቻቸው ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ ለአካባቢያችን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ቪክቶሪያ በነገሠች በአራተኛው ዓመት፣ በ1841፣ በካፒቴን ሐሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን አንኮበር ገብቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ተዋውሏል። ዕፅዋትና እንስሳት የሚያጠና ሰውም አብሯቸው ነበር።

መጀመሪያ አርአያዎቹን እወቁ

ጄምስ ክለርክ ማክስዌል (1831–1879) ኤሌክትሪክና ማግኔትን በአንድ ሕግ ያሰረ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1860 አንድ ወንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ለሴት የቴሌግራፍ ሠራተኛ የሚልከው የፍቅር ግጥም ጻፈ። አፍቃሪው ልቡን በሦስት ባትሪዎች ይመስላል፦ እንደ ዳንኤል ባትሪ የጸና፣ እንደ ግሮቭ ባትሪ የበረታ፣ እንደ ስሚ ባትሪ የሚፍለቀለቅ። ቅጽሎቹን ከባትሪዎቹ ኬሚስትሪ ጋር አስተያዩዋቸው። የዳንኤል ባትሪ ወደ 1.1 ቮልት የሚሆን ኃይል ለረጅም ጊዜ ሳይዋዥቅ ይሰጣል፤ ስለዚህ «የጸና» ተባለ። የግሮቭ ባትሪ ወደ 1.9 ቮልት ይደርሳል፤ «የበረታ» የሚለው ይገባዋል። በስሚ ባትሪ ውስጥ ደግሞ ፕላቲኒየም የተቀባው የብር ሰሌዳ የሃይድሮጂን አረፋ ይለቃል፤ መፍለቅለቁ እዚያው በዓይን ይታያል። ሦስቱን ቅጽሎች ብታቀያይሯቸው ግጥሙ ሐሰት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ግጥም አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ ምሳሌው የሚያምረው ሳይንሱ ልክ ስለሆነ ነው፤ ሳይንሱ ሲዛባ ምሳሌውም አብሮ ይወድቃል።

ማክስዌል ሌላም ብልሃት ነበረው። ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀውን የሮበርት በርንስን ዘፈን ዜማ ወስዶ ስለ ሁለት አካላት ግጭት ጻፈበት። ዜማው የታወቀ ስለሆነ የአድማጩ ጆሮ በምቱ አይደክምም፤ ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለፊዚክሱ ይሰጣል። ግጥሞቹንም አንዳንዴ «ዲፒ በዲቲ» (dp/dt) ብሎ ይፈርም ነበር፤ በቴርሞዳይናሚክስ አንድ ቀመር ውስጥ ይህ ከስሙ ሦስት መነሻ ፊደላት (JCM) ጋር እኩል ሆኖ ስለሚገኝ። የክበብ አባላት ለራሳቸው እንዲህ ያለ የብዕር ስም ቢያወጡ ቀመሩን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አይረሱትም።

ሮናልድ ሮስ በነሐሴ 1897 ሕንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ሲያገኝ፣ በዚያው ሰሞን አጭር ግጥም ጻፈ፤ ሚሊዮኖችን የፈጀው ሞት የደበቀውን ዘር አገኘሁ የሚል ነው። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የግጥሙ ጉልበት ከስንኞቹ እጥረት ይመጣል፤ የደከመ ሰው ትንፋሽ ይመስላሉ። ኮንስታንስ ኔደን (1858–1889) በበርሚንግሃም ሳይንስ ያጠናች ገጣሚ ስትሆን፣ ፍቅረኛው ዘፋኝና ጨፋሪ ወጣት መርጣ የሄደችበትን የቅሪተ አካል ተመራማሪ «የዳርዊን ሕግ ነው የተፈጸመው» እያለ ራሱን ሲያጽናና አሳይታለች። ሌሎቹ ሁለት፣ ሲልቬስተርና ራንኪን፣ ከታች ይመጣሉ።

አንድ ነገር፣ አንድ ሕግ

«ስለ ወባ» ወይም «ስለ አካባቢ ጥበቃ» ብሎ መነሳት ግጥሙን ገና ከጅምሩ ያበላሸዋል፤ በጣም ሰፊ ነው። በዓይን የሚታይ አንድ ነገርና ያንን የሚያስረዳ አንድ ሕግ ምረጡ። ሰሜን ሸዋ በዚህ አትታማም። ደብረ ብርሃን ላይ ንፍሮ የሚዘገይበት ምክንያት አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ባቄላ የሚያቃጥለው ውርጭ አለ፤ ቆላው ቀወት ላይ ያለው ወባ ደጋው ላይ የማይወጣበት ምክንያት አለ፤ ጓሳ ላይ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ አለ፤ የመንዝ በርኖስ ዝናብና ብርድ የሚከላከልበት የሱፍ ባሕርይ አለ።

ከዚያ ግጥም ሳትጀምሩ በተራ ዓረፍተ ነገር ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ የመረጃ ወረቀት ጻፉ። አራት ነገር ይኑርበት፦ ምን ይታያል፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ መቼ አይሆንም። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ግን ለግጥሙ መዞሪያ የሚሆነው ሐሳብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

የንፍሮውን እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101 ይሆናል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት በ96 ገደማ። ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም፤ ትርፉ ሙቀት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይሄዳል። ባቄላው በ91 ዲግሪ ስለሚቀቀል ይዘገያል።

ቁጥሩን ራሳችሁ ብትለኩት ግጥሙ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የሕክምናው 42 ዲግሪ ላይ ስለሚያበቃ ይፈነዳል፤ ፈጽሞ አትሞክሩት። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ውሃው ውስጥ ይግባ እንጂ የድስቱን ወለል አይንካ፤ ከነካ የብረቱን ሙቀት ያነብና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጨው አይጨመር። ሦስት ጊዜ አንብባችሁ አማካዩን ያዙ።

ምቱን መምረጥ

የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ በፊደል ብዛት አይደለም። ድምፅዋን ያጣች ሳድስ ከፊቷ ባለው ፊደል ላይ ትለጠፋለች እንጂ ለብቻዋ አትቆጠርም። «ድንበር» አራት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን ሁለት፦ ድን፣ በር። «ማገዶ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም። ጥርጣሬ ሲኖር እያጨበጨባችሁ በሉት፤ እጅ አይዋሽም።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ሦስት ምቶች ይበቃሉ። የወል ቤት፣ ስድስት በስድስት የሚሄደው፣ ምክንያትና ውጤት ለማስረዳት ሰፊ ነው። ሰንጎ መገን፣ አምስት በአምስት፣ ለአጭርና ለጠንካራ ነገር ይሆናል። ቡሄ በሉ፣ አራት በአራት፣ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አቀንቃኝና ተቀባይ ይዞ ሰልፍ ላይ ለማቅረብ ምቹ ነው፤ የማክስዌልን የተዋሰ ዜማ ብልሃት በእኛ ቤት የሚተካው ይህ ነው። የሰው ኀዘን የተሸከመ ዜማ ግን አትዋሱ፤ አድማጩ ሕጉን ትቶ ኀዘኑን ያስባል።

የንፍሮው መረጃ በወል ቤት ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦

እሳቱ ቢነድም፣ ማገዶ ቢጨመር፣
ውሃው ግን አይወጣም ከሙቀቱ ድንበር።
በዘጠናንድ ዲግሪ ይፈላል፣ ይተናል፣
ባቄላው ጥርስ ነክሶ ጥሬውን ይቆያል።
አየሩ ሲሳሳ ከደጋው ሜዳ ላይ፣
ፈጥኖ ስለፈላ፣ መፍላት መብሰል ነው ወይ?

ስንኝ በስንኝ እዩት። አንደኛውና ሁለተኛው የመረጃ ወረቀቱን ከባዱን ሐሳብ ይዘዋል፤ የመፍላት ሙቀት አይጨምርም። ሦስተኛው ቁጥሩን ይዟል። «ዘጠና አንድ» በንግግር ተጋጥሞ «ዘጠናንድ» ስለሚሆን እንደዚያው ተጻፈ፤ ተለያይቶ ቢነበብ ሐረጉ ሰባት ቀለም ይሆንና ይሰበራል። ቁጥር በግጥም ውስጥ ሁልጊዜ በፊደል ይጻፍ፤ አሃዝ ከሆነ አንባቢው በየትኛው አነባበብ እንደሚለው አያውቅም። አምስተኛው ምክንያቱን ሲሰጥ፣ ስድስተኛው ወርቁን ይጥላል፤ ቶሎ የሚግል፣ ገና ያልበሰለ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ወርቁ ከውጭ እንዳልመጣ ልብ በሉ። ከድስቱ ነው የወጣው።

አምስተኛው ስንኝ ላይ ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው «ከተራራው ጫፍ ላይ» ወደሚለው ነው። ቀለሙም ቤቱም ይገጥማል፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አንባቢው የሚያውቀውን መሬት ከሳታችሁበት የማያውቀውን ግፊት አያምናችሁም። «ላይ»ና «ወይ» በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ የተገናኙ ልል ቤት ናቸው፤ ጥያቄው ጠንካራ ስለሆነ ጆሮ ያልፈዋል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ግን አያልፍም።

ልማድ የሚያስተው ስንኝ

ውርጭን በአራት በአራት የሚጽፍ ሰው ቶሎ ወደዚህ ይደርሳል፦

ሰማይ ጠርቶ ሙቀት ሄደ፣
ባቄላው ላይ ውርጭ ወረደ።

ምቱ የተስተካከለ፣ ቤቱ የጸና፣ አነጋገሩም የገበሬው ነው። ሳይንሱ ግን ስህተት ነው፤ ውርጭ እንደ ዝናብ ከላይ አይወርድም። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ ነፋስ ከሌለ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር አይደባለቅም፤ ቅጠሉ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው እርጥበት እዚያው ላይ በረዶ ሆኖ ይሠራል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅታው ይንሸራተታል፤ ዝቅታው ላይ ያለ ማሳ ከተዳፋቱ ማሳ ቀድሞ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ይህን የመረጃ ወረቀት የያዘ ሰው ስንኙን እንዲህ ያቀናዋል፦

ነፋስ ቆሞ ሰማይ ጠራ፣
ባቄላው ላይ ውርጭ ተሠራ።

አሁን ሁለቱ ሁኔታዎች፣ የነፋስ መቆምና የሰማይ መጥራት፣ በአንድ ስንኝ ገብተዋል። «ተሠራ» የሚለው ደግሞ ውርጩ የት እንደተፈጠረ በትክክል ይናገራል። እንዲህ ያለ እርማት ግጥሙን ያደርቀዋል የሚሉ አሉ፤ ሁለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡና ፍረዱ። በእኔ ጆሮ ሁለተኛው ይበልጣል።

ወባ ላይ ለሚጽፉ የሮስ አጭር ትንፋሽ በሰንጎ መገን ይገኛል፦

ትንሿ ትንኝ፣ የደም ጥማቷ፣
ለእንቁላሏ ነው መንከራተቷ።

ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለመሥራት ስለሚያስፈልጋት። ወንዱ ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ አያልፍም። «ለእንቁላሏ» ሲነበብ «ለንቁላሏ» ስለሚሆን ሐረጉ ከ«ነው» ጋር አምስት ቀለም ይሞላል። ከዚህ የሚቀጥለው ስንኝ ተውሳኩ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት እንደሚፈልግ ቢናገር፣ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን በአንድ ግጥም ይገናኛሉ፤ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን እድገቱ ይቆማልና። የዚህ ግጥም ወርቅ ከባድ ነው፤ ገዳዩን የተሸከመችው እናት ለመሆን የምትሮጥ ናት። ትንኟን «አረመኔ» ብላችሁ ከሰደባችሁ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ቤት መምታት ሲቀል

ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር (1814–1897) በአልጀብራ የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን በ1870 ስለ ግጥም ሕግ መጽሐፍ አሳትሟል። በአንድ ቤት ብቻ የሚጓዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስንኞች ያሉት ግጥም ጽፎ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ላይ ለሕዝብ ሲያነብ፣ ግጥሙ እንዳይቆራረጥ ብሎ መጀመሪያ የግርጌ ማስታወሻዎቹን አነበበ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደበት ይባላል። በእንግሊዝኛ አንድ ቤት ይዞ ያን ያህል መሄድ ትልቅ ፈተና ነው። በአማርኛ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ናል»፣ «ነው»፣ «ለች» ራሳቸው ቤት ይመታሉ፤ አደጋውም እዚህ ነው። ቤቱ ያለ ድካም ሲገኝ ሐሳቡም ያለ ድካም ይጻፋል። ስለዚህ ከሁለቱ ስንኞች ቢያንስ አንዱ በስም እንዲያልቅ አድርጉ፤ «ቢጨመር» ከ«ድንበር» ጋር እንደተገናኘው። ሁለቱም በግሥ የሚያልቁ ጥንዶች ከአንድ በላይ አይከተሉ።

ማስታወሻ ካስፈለገ ቢበዛ ሁለት፣ እያንዳንዱ አንድ መስመር፣ ከግጥሙ በኋላ ይሁን። ከዚያ በላይ ከጠየቀ ግጥሙ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

የሙያ ቃላትን በተመለከተ፣ በአንድ ግጥም ውስጥ ሁለት ብቻ አስገቡ፤ ሁለቱንም በስንኙ መጀመሪያ ወይም መሐል እንጂ በቤት መድፊያው ላይ አታድርጓቸው። «ፕላዝሞዲየም» ቤት መድፊያ ከሆነ የሚገጥመውን ፍለጋ ሐሳቡ ይጣመማል።

የመለኪያ ግጥም

ዊሊያም ራንኪን (1820–1872) የእንፋሎት ሞተር መሐንዲስ ነበር፤ የፈረንሳዩን ሜትር አልፈልግም፣ የለመድኩት የሦስት ጫማ መለኪያዬ ይበቃኛል የሚል የሠራተኛ ዘፈን ጽፏል። ይህን በእኛ ዘንድ መሞከር ቀላል ነው። ቁመታቸው የተለያየ አምስት ሰዎች አንዱን የትምህርት ቤት አጥር በክንድ ይለኩት፤ በሜትርም ይለካ። አምስት የተለያየ ቁጥር ይመጣል። ልዩነቱ ራሱ ግጥሙ ነው፤ ክንድ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፣ ሜትር ለማንም አያደላም፣ ሜትሩ የጠፋ ቀን ግን ክንድ ከትከሻ አይጠፋም። ከሁለቱ አንዱን ለማሸነፍ አትቸኩሉ፤ ክርክሩን በሁለት አንባቢ ብታቀርቡት ይበልጥ ያምራል።

ጓሳ ላይ የሚጽፉ

ጅብራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በቀላሉ ግጥም ውስጥ ይገባሉ፤ ከሁሉ የሚበዛው ስህተትም እዚህ ነው። «ጅብራው ብርዱን ሊችል ብሎ ወፍራም ቅጠል አበቀለ» የሚል ስንኝ ተክሉን አሳቢ ያደርገዋል። ጅብራ ምንም አላሰበም፤ ብርዱን ያልቻሉት ዘር ሳይተኩ ሞቱ፣ የቻሉት ተረፉ። በግጥሙ ውስጥ የሞቱትን አምጧቸው። ኔደን ያደረገችው ይህን ነው፤ የተመረጠውን ሳይሆን ያልተመረጠውን እንዲናገር አደረገች። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ብርድ ያልተረፈው ዘር ቢናገር ምን እንደሚል አስቡ።

ከመነበቡ በፊት

ግጥሙ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ስንኝ ይሁን፤ ሰልፍ ላይ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ለሦስት ሰው ስጡት። የፊዚክስ ወይም የባዮሎጂ መምህሩ ስህተት ያለበትን ስንኝ ያስምርበት እንጂ እንዳያቃና ንገሩት፤ ማቃናቱ የገጣሚው ሥራ ነው። ግጥም የሚያውቅ ሰው እያጨበጨበ ያንብበውና እጁ የተሰናከለበትን ያሳይ። ሦስተኛው ትምህርቱን ያልተማረ ሰው፣ የሰፈር እናት ወይም የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ከሰማ በኋላ «ታዲያ ንፍሮው ለምን ይዘገያል?» ብላችሁ ጠይቁት። በራሱ ቃል ከመለሰ ግጥሙ ይነበብ። ካልመለሰ ወደ መረጃ ወረቀቱ ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የምክንያቱ ስንኝ ነው፤ ቤት ስላልመታ ተዘልሎ ይገኛል። መምህሩ ያሰመረበትን ስንኝ ለማዳን ግማሹን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ሁለቱንም የጥንድ ስንኞች አውጥታችሁ እንደ አዲስ ጻፏቸው፤ የቀረው ቤት የተሳሳተውን ሐሳብ መልሶ ይጎትታልና።